የአያቴን ቀረርቶ ቢት ላይ ማስገባት ነውር ነው?

የፒያሳ ልጅ፦ ሰላም ጎንደሮች። 22 ዓመቴ ነው። ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ሂፕሆፕ ነው የምሰማው። ሰርግ ላይ ማሲንቆ ሲጀመር ግን ትከሻዬ እኔን አይጠይቅም፣ ራሱ ይነሳል። ሁለቱም እኔ ነኝ። ከጓደኛዬ ጋር በስልክ ቢት እየሠራን የአያቴን ቀረርቶ ቀድቼ አስገባሁበት። አያቴ ሰምተው ዝም አሉ። ዝምታቸው ከብዶኛል። አጥፍቻለሁ እንዴ?

አዘዞ፦ አስፈቅደሃቸዋል? ቀረርቶ ውስጥ የሚጠሩት አባት፣ የሚያነሱት ጀግና አለ። ዝም ብሎ የሚቀዳ ድምፅ አይደለም።

የአዝማሪ ልጅ፦ እኔ ደስ ብሎኛል። አዝማሪ ድሮም የዘመኑን ወሬ ነው የሚዘፍነው። ግን ቅኝቱን ጠብቅ ወንድሜ። ማሲንቆ አንድ ክር ናት፣ ከፈረስ ጭራ። ትዝታውም፣ ባቲውም፣ አምባሰሉም፣ አንቺሆዬውም ከእሷ ይወጣል። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው። ሶፍትዌሩ የሰውዬውን ድምፅ ወደ ፒያኖ ድምፅ እየጎተተ "ሲያስተካክለው" ለዛው ይጠፋል። አያትህ የሰሙት ያንን ይሆናል። ማስተካከያውን አጥፋና እንደገና አሰማቸው።

የፒያሳ ልጅ፦ አላስፈቀድኳቸውም። ማስተካከያውም በርቶ ነበር። እሁድ ከቡና በኋላ ይዤላቸው እቀርባለሁ። እምቢ ካሉኝ ቀረርቶውን ከቢቱ ውስጥ አወጣዋለሁ።