የመሬት አቀማመጥ የሕዝብን ባህል ምን ያህል ይወስናል? ከመንዝ እስከ ይፋት

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማበር በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው፣ ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ የሚደርሰው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ላይ ገብስና በግ፣ ታች ማሽላና ማሾ ነው፤ ምግቡና አለባበሱም አብሮ ይለወጣል። ይህን ልዩነት ያመጣው መሬቱ ራሱ ነው ወይስ ሰዎች በመሬቱ ላይ የመሠረቱት ሥርዓት? አንዳንዶች የደጋውን ሰው ቁጥብ፣ የቆላውን ሰው ግልጽ እያሉ ጠባይን ሁሉ በአየር ንብረት ይተረጉሙታል፤ እኔ ግን ይህ አባባል ብዙ ነገር የሚዘልል ይመስለኛል።

ምላሽ (ከመሐል ሜዳ)

ልክ ነዎት፣ ይዘልላል። ብርዱና ውርጩ የሚያስገድዱት ነገር እንዳለ ግን አይካድም፤ እንጨት በማይገኝበት ከፍታ ቤቱ በድንጋይ ይሠራል፣ ምድጃው በኩበት ይነድዳል፣ የበጉም ጠጉር ተፈትሎ ባና ይሆናል። ይሁን እንጂ ተፈጥሮ ብቻውን እንደማይወስን በመንዝ ያለው የጓሳ ምድር ምስክር ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ የሚገኘው ይህ የሣር ምድር፣ አባቶች እንደሚናገሩት፣ በአስቦና በጌራ ተቀንቶ ለዘሮቻቸው የተላለፈ ሲሆን፣ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት በተመረጠ አለቃ እየተመራ ሲጠበቅ ኖሯል። ሣሩ እስኪደርስ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋል፤ ሲከፈትም በበጋው እምብርት ነው። አስቀድሞ ሣሩ ይታጨዳል፣ ከዚያ በኋላ ከብት ይገባል፣ ክረምቱ ሲመጣም በሐምሌ 5 የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ሁሉም ለቅቆ ይወጣል። ከዚሁ ሣር ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ ገሳም ይሠራል። በክረምት እረኛው ከራሱ ጀምሮ የሚከናነበውን ገሳ ቀርቦ ያየ ሰው፣ ዝናቡ በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ ወደ መሬት ሲወርድና ውስጡ ደረቅ ሆኖ ሲቀር ያስተውላል።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ ብርዱም ከፍታውም እንደነበሩ ነበሩ፤ ጓሳው ግን መጎዳት ጀመረ። ኋላ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ ባያቋቁም ኖሮ፣ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬ መጠጊያ ያገኙ ነበር ለማለት አልደፍርም።

ምላሽ (ከአንኮበር)

ስለ ጓሳ የተጻፈው አስደስቶኛል፤ ነገር ግን ደጋና ቆላን ለየብቻ ማየቱ አይበቃም። የእኛ አገር ባህል በአብዛኛው የተሠራው ሁለቱ በሚገናኙበት አፋፍ ላይ ነው። የሸዋ ነገሥታት አንኮበርን መቀመጫ ሲያደርጉ ገደሉ ምሽግ ሆኗቸዋል፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1841 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የእንግሊዝ መልእክተኞች የመጡትም ወደዚሁ ነው። የቤተ መንግሥቱ ሀብት ግን ከከፍታው ብቻ አልመጣም። ከታች በአልዩ አምባ የነበረው ገበያ በሙስሊም ነጋዴዎች አማካይነት ከሐረርና ከባሕር ዳርቻ ጋር የተሳሰረ ነበር። አርጎባው፣ አማራውና አፋሩ በአንድ ገበያ የሚገናኙት አንዱ የሌለውን ሌላው ስላለው ነው፤ የከፍታው ልዩነት ያራራቃቸውን ያህል አፈላልጓቸዋል።

ምላሽ (ከእነዋሪ)

ሰውም መሬቱን እንደሚለውጥ አይዘንጋ። የእኛ ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ስለሚቋጥር፣ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ የታረሰውን አፈር በእጃቸው እየሰበሰቡ መደብና ቦይ ያወጣሉ፤ ውኃው በቦዩ ሲወርድ ስንዴው በመደቡ ላይ ይበቅላል። ይህን አድካሚ ሥራ የሜዳውን አፈር ባህርይ ሳያውቁ መረዳት አይቻልም፤ ሥራው ባይኖር ደግሞ ሜዳው ዛሬ የምናየውን መልክ አይይዝም ነበር።

ከመሐል ሜዳ የጻፉልንን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ጓሳው ዛሬ ለአጨዳ ሲከፈት ድርሻው አሁንም በትውልድ ሐረግ ነው ወይስ በቀበሌ?