ኬዝ እየጠበቁ እንቅልፍ ከየት ይመጣል?

ከሲያትል፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ አሳይለም (የጥገኝነት ማመልከቻ) ካስገባሁ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ፤ እስካሁን ለኢንተርቪው አልተጠራሁም። ልጄ አዲስ አበባ እናቴ ጋ ናት። ስመጣ 4 ዓመቷ ነበር፤ አሁን ስንደዋወል «መቼ ነው የምትመጪው?» ማለቱንም ትታዋለች። ሰው ሁሉ «ለእግዚአብሔር ስጪው» ይለኛል። እሺ እላለሁ፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግን ዓይኔ ጣሪያው ላይ ነው። እናንተ እንዴት ቻላችሁት?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦
አይዞሽ እህቴ። እኔ ያስገባሁት በፈረንጆቹ 2016 ነው። ጃንዋሪ 2018 ላይ ኢሚግሬሽን ተራውን ገለበጠውና አዲስ ያስገባ ቀድሞ መጠራት ጀመረ፤ እኛ አሮጌዎቹ ወደ ኋላ ቀረን። ያን ሰሞን ፓርኪንግ ውስጥ የማታ ፈረቃ እሠራ ነበር። የሂሳብ መቀበያዋ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የኬዝ ቁጥሬን ስልኬ ላይ ስመታ መኪና መጥቶ ክላክስ ሲያደርግ እንኳ አልሰማም። አንድ ሌሊት ብቻ 11 ጊዜ አየሁት። ቅዳሜ ሌሊት! ቢሮው ዝግ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ጭንቀት ሰውን ያጃጅለዋል።

እናቴ ከደሴ ስትደውል ስለ ወረቀቱ ጠይቃኝ አታውቅም። «በላህ ወይ?» ብቻ ነው። አንድ ቀን ተናድጄ «እማዬ፣ ስለ ኬዙ ለምን አትጠይቂኝም?» አልኳት። «እሱንማ ለሚካኤል ነግሬዋለሁ። መብላትህን ግን አንተ ካልነገርከኝ ማን ይነግረኛል?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ የኔን ሥራ ከእግዚአብሔር ሥራ ለየሁ። የሚጠሩኝ ቀን፣ የሚጠይቀኝ ሰው ልብ፣ እሱ የእግዚአብሔር ነው። ቤት ስቀይር በ10 ቀን ውስጥ አድራሻ ማሳወቅ፣ ወርክ ፐርሚት (የሥራ ፈቃድ) ጊዜው ሳያልፍ ማደስ፣ ፖስታ ሳጥን መክፈት የኔ። ይሄን አጥብቄ የምለው አብሮኝ የሚኖር ልጅ «እግዚአብሔር ያውቃል» እያለ ደብዳቤ መክፈት አቁሞ ስለነበር ነው። የአሻራ ቀጠሮው ፍሪጅ ላይ ከነፖስታው አለፈ። እሱ እምነት ነው ይላል፤ እኔ ግን ፈርቶ ነው እላለሁ።

እኔ የተጠራሁት በ2022 ነው። የዚያን ቀን ጠዋት እናቴ ምን እንዳለችኝ መቼም ይገባሻል።

ከዳላስ፦
ወንድሜ እንዳለው ነው። እህቴ፣ አንድ ነገር ልጨምር፦ አሳይለሙ ሲፈቀድልሽ ልጅሽን የምታመጪበት ማመልከቻ በ2 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ስሟ መጀመሪያ ባስገባሽው ፎርም ላይ በትክክል መጻፉን ከአሁኑ አረጋግጪ። እኔ በዚህ ብዙ ተንገላትቻለሁ።

ከሲያትል፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ፎርሙን አውጥቼ አየሁት። ስሟ አለ፤ ከፓስፖርቷ ጋር ግን አንድ ፊደል ይለያያል። ጠዋት ለጠበቃዬ እደውላለሁ። በሉ ልተኛ።