የኮላው፣ የቫርኒሹና የቺፑዱ ነገር፦ የጋራ ሐሳባችንን እዚህ እንጨርስ

ጸሐፊው
ሰላም ለሁላችሁ የጅማ እንጨት ሠሪዎች ማኅበር አባላት። የእሁዱ ስብሰባ ወሬ ሆኖ እንዳይቀር እዚህ እንቀጥል። ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት የምናስገባው ሐሳብ በወሩ መጨረሻ መድረስ አለበት። ረቂቁን እኔ እጽፋለሁ፤ ቁም ነገሩን እናንተ አምጡ።

ችግራችንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኮላ፣ ቫርኒሽ፣ ቲነር፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቪቴ (የእንጨት ብሎን)፣ ማጠፊያ፣ ቺፑድ (ከእንጨት ፍቅፋቂ ተጣብቆ የሚሠራው ሰሌዳ)። አንዳንዱ እዚህ አገር ቢሠራም ጥሬ ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አለፈ። ዕቃው ጅቡቲ ይራገፋል፣ አዲስ አበባ ይገባል፣ ከዚያ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የጊቤን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ እኛ ጋ ይደርሳል። በየመሀሉ ሁሉም የራሱን ይጨምርበታል። እኛ የመስመሩ ጭራ ነን።

ቁም ሳጥን ሠሪው
ዋጋው ብቻ ቢሆን በተሻለ። የባሰው "የለም" የሚሉት ነገር ነው። ባለፈው ሰኞ ማጠፊያ ፍለጋ የጅማን መርካቶ ሦስት ጊዜ ዞርኩት። አንዱ ጋ አራት አገኘሁ፣ ሌላው ጋ ሁለት። መልካቸው ለየቅል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፣ ገጠምኩት። ደንበኛዬ በሩን ከፍታ ስታይ ከላይ ቢጫ፣ ከታች ነጭ። ሳቀች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ደግሞ ቀብድ የተቀበልኩት በድሮው ዋጋ ነው፣ ዕቃ የገዛሁት በአዲሱ። ልዩነቱ ከኪሴ ወጣ። እኔ የምለው፣ በእንጨት ሥራ ዕቃ ላይ ቀረጥ ይቀነስልን ብለን እንጻፍ።

ገንዘብ ያዥዋ
ወንድሜ፣ ቀረጥ የሚቀንሰው የጅማ ንግድ ጽሕፈት ቤት አይደለም። እሱን ከጻፍን ደብዳቤያችን "ለሚመለከተው ክፍል" ተብሎ ይመራና መዝገብ ቤት ይተኛል። የሚችሉትን እንጠይቃቸው። ባዶ የተቀመጠ ሼድ መስጠት ይችላሉ። ከአዲስ አበባ ጅምላ ሻጭ በማኅበሩ ስም እንድንገዛ የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍም ይችላሉ። አሁን እያንዳንዳችን በችርቻሮ ሦስት ኪሎ ኮላ እየገዛን ነው። ሻጩ ምን በወጣው ዋጋ ይቀንስልናል?

ገንዘቡን በእቁብ መልክ እናዋጣ ባይ ነኝ። በየወሩ እኩል እንከፍላለን፤ ዕጣ በመጣል ፈንታ ዕቃ እንገዛበታለን።

አንጋፋው
ልጄ፣ ሐሳብሽ ጥሩ ነው። ግን እኔ ይህን ፊልም አይቼዋለሁ። ድሮ ከሌሎች ጋር ሆነን ኮላ በብዛት ገዝተን ነበር። ርካሽ ነው ብለን ጀሪካን በጀሪካን ላይ ደረደርን። በስድስተኛው ወር ስከፍተው እንደ አይብ ረግቷል። ውሃ ብንጨምር፣ ብናማስል፣ ወይ ፍንክች። ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን ቀን ያየ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር።

ስለዚህ ቪቴና ማጠፊያ ይከማች፣ አይበላሽም። ኮላ ግን ከሁለት ወር ፍጆታ በላይ እንዳይገዛ ብላችሁ ጻፉልኝ።

ጸሐፊው
ተመዝግቧል ጋሼ። የገዢ ኮሚቴው ቀኑን አይቶ እንዲፈርም እጨምርበታለሁ።

ቁም ሳጥን ሠሪው
እሺ፣ ግዢው ይሁን። ግን በጋራ ብንገዛም ያው የውጭ ዕቃ ነው። ዶላር ሲያስነጥስ እኛ ጉንፋን ይይዘናል። ደንበኛው ደግሞ ቺፑድ ይወዳል፤ ያብረቀርቃል፣ ቶሎ ይደርሳል። ዋንዛ ላሳየው "ይጣመማል" ይለኛል።

አንጋፋው
እውነቱን ነው፣ ይጣመማል። ለምን መሰለህ? እርጥቡን ስለምንሠራው ነው። ጣውላው ዛሬ ከመኪና ይወርዳል፣ በሳምንቱ አልጋ ይሆናል፣ ሰው ቤት ገብቶ ነው የሚደርቀው። ያን ጊዜ ነው መሰንጠቁም መጣመሙም። ቺፑድ እኮ ከኛ እንጨት በልጦ አይደለም። ውሃ ሲነካው እንደ እንጀራ አብጦ የሚፈርስ ነገር ነው። ግን ደርቆና ቀጥ ብሎ ይመጣል፤ የበለጠን በዚህ ብቻ ነው።

የኢንች ውፍረት ያለው ጣውላ በአየር ለመድረቅ እንደ እንጨቱና እንደ አየሩ እስከ ዓመት ሊወስድ ይችላል። ጅማ ደግሞ ዝናቧ አይጠገብም። አንድ ሰው ለብቻው ዓመት ሙሉ ገንዘቡን እንጨት ላይ አስሮ መቀመጥ አይችልም። ማኅበር ግን ይችላል። ሼድ ከሰጡን ከኮላው በፊት ለጣውላ ይሁን። ከመሬት ከፍ ይደረግ፣ በየመሀሉ ቀጭን እንጨት ይግባ፣ ነፋስ ይለፍበት፣ ጫፍ ጫፉ ቀለም ይቀባ።

ገንዘብ ያዥዋ
ይህንንማ ከላይ እናድርገው። የውጭ ዕቃ ተወደደብን ብለን እያለቀስን፣ ደጃችን ያለውን እንጨት እርጥቡን እየሠራን ደንበኛውን ወደ ቺፑድ የምንገፋው እኛው ነን። አንድ ነገር ግን አስቡበት፤ ዋንዛና ዝግባ ያለ ሕጋዊ ወረቀት እንዳይገባ። ግራቪሊያም በደንብ ከደረቀ ለብዙ ሥራ ይበቃል።

በርጩማ ጠራቢው
ዘግይቼ ገባሁ፣ ይቅርታ። እኔ የምሠራው ባለሦስት እግሩን በርጩማ ነው። ከአንድ ግንድ ስለሚፈለፈል ቪቴም ኮላም አያውቅም። የሚቸግረኝ ማሳመሪያው ብቻ ነው። ቫርኒሽ ሲወደድብኝ የተልባ ዘይትና የማር ሰም ሞከርኩ። ሰሙ እዚሁ አካባቢያችን ሞልቷል። አንድ እጅ ሰም፣ አራት እጅ ዘይት። ድስቱን በቀጥታ እሳት ላይ ሳይሆን ውሃ ውስጥ አስቀምጬ አቀልጠዋለሁ። ስስ አድርጌ ቀብቼ፣ የተረፈውን እጠርጋለሁ።

እንደ ቫርኒሽ አያብረቀርቅም። ሲደርቅም ቀናት ይፈጃል። የሻይ ብርጭቆ ክብ ምልክት ሊተውበት ይችላል፣ ግን መልሼ ስቀባው ይለቃል። በኑግ ዘይትም ሞክሬ ነበር፤ እጅ ላይ እየተጣበቀ አስቸገረኝ።

አንድ ነገር ረቂቁ ላይ በትልቁ ይጻፍልኝ። የቀባሁበትን ጨርቅ ጠቅልዬ ሰጋቱራ ላይ ጣልኩት። ምሳ በልቼ ስመለስ የሚቃጠል ነገር ይሸታል። ጨርቁን ሳነሳው እጄን ፈጀኝ። ክብሪት የነካው ሰው የለም! ለካ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ራሱን ያሞቃል። ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ይነዳል። አሁን ጨርቁን ውሃ ውስጥ እነክራለሁ፣ ወይ ውጭ ዘርግቼ አሰጣዋለሁ።

ቁም ሳጥን ሠሪው
ወይ ጉድ! እኔ ሞክሬው ቢሆን ሱቄ አመድ ነበር። ግን ወንድሜ፣ የምግብ ጠረጴዛ በሰም ቀብቼ ለማን እሸጣለሁ?

በርጩማ ጠራቢው
ለጠረጴዛ አላልኩም። ለበርጩማ፣ ለወንበር ጀርባ፣ ለአልጋ ራስጌ። ቫርኒሹን ለጠረጴዛ ቆጥብ።

ጸሐፊው
በቃ፣ መልክ ይዟል። እስካሁን የጻፍኩት ይኸውላችሁ።

"ማኅበራችን የሚጠይቀው አንድ ሼድ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለጣውላ ማድረቂያ ይውላል፤ በአንድ ጥግ የጋራ ዕቃ ግምጃ ቤት ይኖራል። ቪቴ፣ ማጠፊያና የብርጭቆ ወረቀት በሦስት ወር አንዴ፣ ኮላ ከሁለት ወር ፍጆታ ሳይበልጥ በማኅበሩ ስም በደረሰኝ ይገዛል። ለዚህም የድጋፍ ደብዳቤ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ሕጋዊ ወረቀት የሌለው ጣውላ ሼዱ አይገባም። ዘይትና ሰም በአምስት አባላት ሱቅ ለሦስት ወር ይሞከራል፤ ዘይት የነካ ጨርቅ ሼዱ ውስጥ አይቀመጥም።"

የቀረጡን ነገር አውጥቼዋለሁ። ወንድማችን እንዳይከፋው፣ ለብቻው በሌላ ደብዳቤ ወደሚመለከተው እንልከዋለን። ስለ ቀብድ ያነሳውም አልተረሳም። የሁላችንም ውል ላይ "ዋጋው ለ15 ቀን ይጸናል" የሚል መስመር እናስገባ፤ ይህ የማንንም ፈቃድ አይፈልግም።

ገንዘብ ያዥዋ
መዋጮው ስንት እንደሆነ አልጻፍክም።

ጸሐፊው
እሱን በጽሑፍ ብንጀምረው እስከ ጥምቀት አናልቅም። ሐሙስ ከሥራ በኋላ ጋሼ ሱቅ እንገናኝ። እያንዳንዱ ሰው ባለፈው ወር ስንት ኪሎ ኮላና ስንት ካርቶን ቪቴ እንደጨረሰ ጽፎ ይምጣ። በግምት አይሆንም፣ ደረሰኝ ያለው ደረሰኙን ይያዝ።

አንጋፋው
ቡናው በኔ። በርጩማ ግን አራት ብቻ ነው ያለኝ፤ የቀራችሁት መቀመጫችሁን ይዛችሁ ኑ።

በርጩማ ጠራቢው
ሁለት በሰም የተቀቡ አመጣለሁ። አንደኛው ላይ ሻይ ድፉበትና እንየው።