ዴንቨር ሲከላከል የቱ ጋ ነው የሚቀደደው? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ — ኳስ_ተከታይ
ጨዋታ ሳይ ዓይኔ ከኳሷ አይነቀልም። ማን ማንን እንደያዘ የማስበው ነጥብ ከተቆጠረ በኋላ ነው። ሰሞኑን በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ (NBA) የ2024ቱን የዴንቨርና የሚኒሶታ ሰባተኛና ወሳኝ ጨዋታ ደግሜ አየሁት። ዴንቨር በሜዳው በ20 ነጥብ ሲመራ ቆይቶ 98 ለ 90 ተሸነፈ። ሚኒሶታ የዓመቱን ምርጥ ተከላካይ ጎቤርን ይዞ፣ የዴንቨሩን ሴንተር (ቅርጫቱ አጠገብ የሚጫወት ረጅም ሰው) ዮኪችን እንዲጠብቅ ለምን ለሌላው ረጅም ተጫዋቹ ለታውንስ ሰጠ? ደግሞስ የዴንቨር መከላከል የሚሳሳው በዮኪች የተነሳ ነው? የገባው ያስረዳኝ።

የማዕዘን_ሶስት
ጎቤር ለስሙ የያዘው የዴንቨሩን አሮን ጎርደንን ነበር። ልብ ብለህ እየው፣ የሚቆመው ግን ቅርጫቱ ስር ነው። ያኔ ጎርደን ከሩቅ ቢወረውር ብዙም የሚያሰጋ አልነበረም። ታውንስ ደግሞ ዮኪችን በጉልበት የሚገፋ ትልቅ ሰው ነው። ዮኪች ታውንስን ቢያልፍ እንኳ ጎቤር ከኋላ ይጠብቀዋል።

አምስተኛውን ጨዋታ አስታውስ። ዮኪች ብዙውን ጊዜ ከጎቤር ጋር ፊት ለፊት እየተፋጠጠ 40 ነጥብ አስቆጠረ፣ 13 ኳስ አመቻችቶ አቀበለ፣ አንድም ኳስ አልተነጠቀም። ጎቤር ዋጋ የሚያወጣው ለሌላው ሲደርስ ነው። በሰባተኛው ዮኪች 34፣ የዴንቨሩ ጋርድ (ኳስ እየነዳ ጨዋታ የሚያቀናብር) መሬይ 35 አገቡ። የቀሩት ሁሉ ተደምረው 21! ድካሙም አለበት መቼስ።

ወንበር_አሟቂ
ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ልምጣ። ሁሉም ዮኪች ላይ ጣቱን ይቀስራል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ኳስ የያዘውን የሚጠብቀውን ጋርድ ነው።

አንዱን ስክሪን (አንድ አጥቂ ቆሞ የጓደኛውን ተከላካይ በአካሉ ሲያግድ) ቀስ አድርገህ እየው። መሬይ ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ዮኪች ኳሷን ለማቆም ወደ ፊት ይወጣል። ስክሪን የሠራው አጥቂ ወደ ቅርጫቱ ይሮጣል፣ ኳሷም ትደርሰዋለች። ከዚያ በኋላ አራት አጥቂ በሦስት ተከላካይ ነው። ጎርደን ቅርጫቱን ለመሸፈን ሲገባ ማዕዘኑ ላይ ያለው ሰው ብቻውን ይቀራል። ጋርዱ ስክሪኑን ቶሎ ቢያልፍ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም።

ዴንቨር ብሩስ ብራውንን በ2023፣ ካልድዌል ፖፕን በ2024 ለቀቀ። ሁለቱም ይህን ሥራ የሚችሉ ነበሩ። ለእኔ ትልቁ ቀዳዳ የጋርዱ ቦታ ነው።

ረጅሙ
ዮኪችንም ነፃ አታውጡት እንጂ! ለምን ወደ ፊት ይወጣል? ወደ ኋላ ቀርቶ ቢጠብቅ ዘሎ የሚያግድ ሰው ስላልሆነ ነው። እጁ ግን ፈጣን ነው፣ ብዙ ኳስ ይነካል። ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) ላይማ ማን ይወዳደረዋል።

ኳስ_ተከታይ
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብዬ ታዲያ ምኑን ልይ?

የማዕዘን_ሶስት
ተቀያሪ በገባ ቁጥር ኳሷን ለጊዜው ተዋትና ሴንተሩን ፈልገው። ማንን ይዟል? ከያዘው ሰውስ ምን ያህል ርቆ ቆሟል? ቀጥሎ ስክሪን ሊሠራ የሚመጣውን አጥቂ ማን እንደያዘው እይ። አጥቂው ቡድን ደጋግሞ ያንኑ ተከላካይ የሚጎትት ከሆነ፣ ደካማ ነው ብሎ የመረጠው እሱን ነው።

መለማመጃ ከፈለግህ የ2025ቱን የኦክላሆማ ሲቲና የዴንቨር ሰባተኛ ጨዋታ ክፈት። 125 ለ 93 ያለቀው ነው። በቁመት ከዮኪች በጣም የሚያንሰው የኦክላሆማ ሲቲው ጋርድ ካሩሶ ከፊቱ እየቆመ ኳስ እንዳይደርሰው ሲታገል ታያለህ። ዮኪች ወደ ቅርጫት የሞከረው 9 ጊዜ ብቻ ነው።

ወንበር_አሟቂ
እዚያ ላይ ጎርደንንም እየው። በዚያ ዓመት መደበኛ ውድድር ከሶስት ነጥብ ሙከራዎቹ ከ43 በመቶ በላይ አስገብቷል። እንደ በፊቱ ትተኸው የምትሄደው ሰው አልነበረም። ለሰባተኛው ጨዋታ ግን የኋላ ታፋ ጡንቻው ተጎድቶ ነው የገባው።