ክርክር፦ ባለቤቱ ግዳጅ ላይ ያለ ጠመንጃ ማን እጅ ይደር?

አስተዳዳሪ፦ ሰላም ጀመዓ። የዛሬውን ርዕስ ያመጣው ከመሃላችን አንዱ ነው። የደሴ፣ የሳላይሽ ሰፈር ልጅ፣ አሁን ደቡብ ሱዳን ሰላም ማስከበር ላይ ያለ። ስም አንጠራም፣ ቤት አንጠቁምም፣ ፎቶ አንለጥፍም። ወደ ብሔርና ወደ ፓርቲ የሄደ ጽሑፍ አጠፋለሁ። ጥያቄው ይሄ ነው፤ ባለቤቱ ርቆ ያለ መሣሪያ ቤት ይቆይ ወይስ ለፖሊስ ይሰጥ? ወታደሩ ይጀምር።

ወታደሩ፦ አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ኔትወርክ ሲገኝ ነው የምጽፈው፤ መሃል ላይ ብጠፋ አትቀየሙኝ። ነገሩ የአባቴ ምንሽር ነው። አባቴ ከአያቴ ነው የወረሰው። አያቴ «ከጣልያን የማረክሁት» ይል ነበር። ጓደኞቹ ደግሞ «ገዝቶት ነው» ይላሉ፣ እሱን ተዉት። በ2012 የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጁ፣ ቁጥር 1177 ያለው፣ ሲወጣ አባቴን «ሂድና ፈቃድ አውጣ» አልሁት። ሳቀብኝ። «እኔንም ምንሽሬንም ቀበሌው ያውቀናል» አለኝ። ከዚያ አባቴ ሞተ፣ አላህ ይዘንለት። እኔም ግዳጅ ወጣሁ። ምንሽሩ እዚያው ቤት ነው። ያሉት እናቴና ታናሽ እህቴ ብቻ ናቸው።

ሰሞኑን ሰፈር ውስጥ ምዝገባና ፍተሻ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እዚህ በየጠዋቱ መሣሪያዬ ይቆጠራል። የያዝሁትን መሣሪያ ቁጥር ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። ቤቴ ያለውን ግን አላውቀውም፤ አይቼውም አላውቅ። የምመለሰው ነሐሴ ነው። ከዚያ በፊት ቢገኝ «የወታደር ቤት ሕገወጥ መሣሪያ ተገኘ» ይባላል። ሕግ የሚያወጣው ሰው ሁላችንም ቤታችን ቁጭ ብለን የምንጠብቀው ይመስለዋል። ለእንደኛ ዓይነቱ፣ አገር ልኮት ለሄደ ሰው፣ እስኪመለስ ጊዜ ሊሰጠው አይገባም ወይ? ክርክሬ ይሄ ነው።

የሐረጎ ሾፌር፦ ቆይ ቆይ። ይሄ ሁሉ ጭንቀት ለምንሽር ነው? እኔ ክላሽ መስሎኝ። ጥይቱስ የት ይገኛል?

ወታደሩ፦ አምስት አለ። አባቴ በሰርግ እንኳ አልተኮሰውም።

የሐረጎ ሾፌር፦ እሺ፣ ምንሽርም ይሁን። የእኔ አቋም አጭር ነው፤ አትስጥ። እኔ ደሴ ኮምቦልቻ፣ አንዳንዴም እስከ ወልድያ ነው የምነዳው። መንገድ ላይ ሰው ሲታገት፣ ቤተሰቡ ዕቃውን ሽጦ ገንዘብ ሲከፍል አይቻለሁ። ያገተው ሰው ፈቃድ ነበረው? ምዝገባ ሄዷል? ሕግ የሚይዘው ሕግ አክባሪውን ነው። የክልሉ ልዩ ኃይል በ2015 ሲፈርስ «ሌላ ይጠብቃችኋል» ተባልን። ማታ የሐረጎን ዳገት ስወጣ ማን እንደሚጠብቀኝ ኑና እዩ እስቲ። ደንጋይ ይዤ ልንዳ?

አስተዳዳሪ፦ ሾፌራችን፣ ልዩ ኃይሉን እዚህ እናቁም። ሌላ ቀን ራሱን የቻለ ርዕስ ይወጣዋል።

የሸዋበር ነጋዴ፦ እኔ ልናገር። ባለቤቴ ሽጉጥ ነበረው፣ ከነፈቃዱ። ጥቅምት 2014 ደሴ በጦርነቱ ስትያዝ እኛ አልወጣንም። አማቼ አልጋ ላይ ናቸው፣ ወዴት ይዘናቸው እንወጣለን? በራችንን ያንኳኩት ሰዎች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ወርቅ የት ነው» አልነበረም። «መሣሪያ የት ነው» ነበር። ባለቤቴ አውጥቶ ሰጣቸው። ከዚያ በኋላ «ሌላውስ?» አሉ። ሌላ የለም። አላመኑም። ያን ቀን የሆነውን እዚህ አልጽፍም። ሱቁን ዘረፉት፣ እሱ ቀላሉ ነው። ሽጉጡ እኛን አልጠበቀንም፤ እንግዳ ጠራብን እንጂ። የዚህ ልጅ እናት ብቻዋን ናት። ነገ ማንም ይምጣ ማን፣ የሚጠይቀው እሷን ነው።

የሐረጎ ሾፌር፦ እህቴ፣ ስለደረሰባችሁ አዝናለሁ፣ ወላሂ። ግን አንድ ሽጉጥ ብቻ ስለነበረ እኮ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ቢኖረውስ?

የሸዋበር ነጋዴ፦ ሰፈሩ በሙሉ ቢኖረው ዛሬ ሸዋበር የሚባል አይኖርም ነበር።

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ እኔ የድሮው ሠራዊት ነኝ። በ1983 ሲበተን ከሰሜን እስከ ኮምቦልቻ በእግራችን ነው የመጣነው። ክላሽ በእንጀራ ሲለወጥ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔም ለውጫለሁ፣ አልደብቅም። አንድ እንጀራና አንድ ጣሳ ጠላ። ገበሬው ደስ አለው፣ እኔም ጠገብሁ። ከዓመታት በኋላ እዚያው አካባቢ በድንበር ጠብ ወንድማማቾች ተገዳደሉ ሲባል ሰማሁ። በየትኛው መሣሪያ እንደሆነ ማን ያውቃል። እኔ ግን ሁልጊዜ ያቺ የእኔዋ ትመስለኛለች። ልጄ፣ አንተ ወታደር ነህ። ጠባቂ የሌለው መሣሪያ ምን እንደሚባል ታውቃለህ። ደረሰኝ ተቀብለህ አስረክብ።

ወታደሩ፦ ጋሼ፣ ያሉት ይገባኛል። ግን እዚህ ያየሁትን ልንገርዎ። ጆንግሌ በሚባለው ግዛት እ.ኤ.አ. በ2006 ሎው ኑዌር የሚባሉት ጎሳዎች ትጥቅ እንዲፈቱ ተደረገ። ጎረቤቶቻቸው ሙርሌዎች ገና አልፈቱም ነበር። የሚሆነውን ይገምቱታል፤ ከብት ተነዳ፣ ሰው ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2012 እንደገና ትልቅ የማስፈታት ዘመቻ ተጀመረ። የፈታው ሰው መልሶ ታጠቀ። አዛውንቶቹን ብታነጋግር ሕጉን አይጠሉትም። «ከእኔ በፊት ማን ፈታ?» ነው የሚሉት። እኔም የምጠይቀው እሱን ነው። እኔ ልስጥ። ከእኔ ቤት ሁለት በር አልፎ ያለውስ?

የሐረጎ ሾፌር፦ ይኸው! ወታደሩ ራሱ ተናገረው።

ጠበቃው ከፒያሳ፦ ቆይ፣ ሁለት ነገር እየተምታታ ነው። አንዱ «ሰው መታጠቅ አለበት ወይ» የሚለው ትልቁ ጥያቄ ነው። እሱ ዛሬ አያልቅም። ሌላው የዚህ ቤት ጉዳይ ነው። በ1177 ፈቃድ ለሰው ነው የሚሰጠው፣ ለቤት አይደለም። አባት ፈቃድ ቢኖረው እንኳ ከእሱ ጋር ያበቃል እንጂ እንደ አልጋና ቁምሳጥን ለልጅ አይተላለፍም። ጉዳዩን የሚመራው ደግሞ የፌዴራል ፖሊስ ነው። «ቀበሌው ያውቀኛል» የሚለው ድሮ ይሠራ ይሆናል፣ ዛሬ ወረቀት አይሆንም። እና ወታደር ወንድማችን «እኔ ልጠየቅ ነው» ብለህ ትጨነቃለህ። አንተ ደቡብ ሱዳን ነህ። መሣሪያውን በእጃቸው ይዘው ያሉት እናትህ ናቸው። ቀድመው የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው።

ወታደሩ፦ እሱን በዚህ በኩል አላየሁትም።

መምህሩ፦ ይቅርታ፣ ስለ ምንሽሩ አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ ያለው ዕቃ ቅርስ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ጃንሆይ እዚሁ ከተማ ነበሩ። ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የተነሡት ፎቶ አለ። የዚያ ዘመን ጠመንጃ ፖሊስ ጣቢያ ጥግ ተጥሎ ዝገት ይብላው? ለምን ለሙዚየም አይሰጥም?

የሸዋበር ነጋዴ፦ መምህር፣ የደሴ ሙዚየም በ2014 ተዘርፎ የለም እንዴ?

መምህሩ፦ እሱስ ልክ ነሽ።

አስተዳዳሪ፦ 😂 ቀጥሉ።

ከቨርጂኒያ፦ ሰላም የአገሬ ልጆች። የሆጤ ልጅ ነኝ። ይሄን ሳነብ የሥራ ባልደረባዬ ትዝ አለችኝ። ልጇ የአሜሪካ ወታደር ነው፣ ጀርመን ተመድቧል። ሲደውል ከደህንነቷ ቀጥሎ የሚጠይቃት «ሪችመንድ ደግሞ ምን ሕግ አወጣች?» ነው። ሪችመንድ የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ናት። ጠመንጃዎቹ እናቱ ምድር ቤት ተቆልፎባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ጥር ወር አዲስ ሕግ ሊወጣ ነው ተብሎ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ሪችመንድ ላይ ተሰብስቦ ተቃወመ፤ ብዙው ታጥቆ ነበር። ሕጎቹ ግን ወጡ። በወር ከአንድ ሽጉጥ በላይ መግዛት ተከለከለ። ጠመንጃህ መሰረቁን ካወቅህ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታ ሆነ። ልጁን ያሳበደው ይሄኛው ነው። «ጀርመን ሆኜ መሰረቁን መቼ ነው የማውቀው?» ይላል። እናቱ ደግሞ ምድር ቤት መውረድ ትፈራለች።

ጠበቃው ከፒያሳ፦ ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ግን ልዩነቱን እንያዝ። እነሱ ዘንድ መሣሪያ መያዝ እ.ኤ.አ. ከ1791 ጀምሮ በሕገ መንግሥታቸው የተጻፈ መብት ነው፤ ክርክሩ መብቱ የት ድረስ ይሂድ የሚለው ላይ ነው። እኛ ዘንድ ፈቃድ ነው። የከለከለህ ሕግ ሳይሆን የፈቀደልህ ወረቀት ነው የሚፈለገው።

ከቨርጂኒያ፦ አውቃለሁ። የሁለቱም ወታደሮች እናቶች ግን አንድ ዓይነት ናቸው ልል ነው።

የሐረጎ ሾፌር፦ እኔ አሁንም አልተዋጠልኝም። ጥቅምት 23 ቀን 2014 አዲስ አበባ ላይ «በሁለት ቀን ውስጥ መሣሪያችሁን አስመዝግቡ፣ ሰፈራችሁን ጠብቁ» ተባለ አይደል? ያኔ የታጠቀ ሰው ጀግና ነበር። በክፉ ቀን «ታጠቅ»፣ ደህና ቀን ሲመስል «አምጣ»። እንዲህ ያለውን መንግሥት ማን አምኖ ይሰጣል?

ጡረተኛው፦ አንተ ልጅ፣ የተናገርኸው ለእኔ ነው የሚያግዘው። ያኔም የተባለው አስመዝግቡ ነው። ምዝገባ ሁሉ ቅሚያ አይደለም። የተመዘገበ መሣሪያ ባለቤት አለው፤ ያልተመዘገበ ባለቤት የለውም። እኔ በእንጀራ የለወጥሁት ባለቤት አልነበረውም።

የሐረጎ ሾፌር፦ ጋሼ፣ እርስዎን አልከራከርም። መንግሥትን ነው።

ጡረተኛው፦ እሱን እኔም እከራከረዋለሁ። ወታደሩ ያለው ነገር ትክክል ነው፤ ግዳጅ ላይ ላለ ሰው ሕጉ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ከአዛዡ ወረቀት ይምጣ፣ ጣቢያው ይቀበል፣ ሲመለስ ይወሰን። ይሄን የከለከለ ሰው አገር ልኮት መሄድ ምን እንደሆነ አያውቅም። ግን ጊዜ የሚሰጠው መሣሪያው ጣቢያ ውስጥ እያለ ይሁን፣ እናትዮዋ አልጋ ሥር እያለ አይደለም።

የወታደሩ እህት፦ አልጋ ሥር አይደለም። ዱቄት በርሜሉ ውስጥ ነው።

አስተዳዳሪ፦ እህታችን፣ ቦታ አንጠቁምም ብለን ነበር 😅

የወታደሩ እህት፦ አሁን ይለወጣል፣ አታስቡ። ሁላችሁንም ከጠዋት ጀምሮ እያነበብሁ ነበር። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ፈረቃዬ አሁን ነው ያለቀው። ወንድሜ እንቅልፍ የለኝም አለ። እማዬ ወሬውን ከሰማች ወዲህ ውሻ በጮኸ ቁጥር ተነሥታ በርሜሉ አጠገብ ትቀመጣለች። አንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ቦታ አስለወጠችኝ። እንጀራ ስትጋግር እንኳ ዱቄት የምትወስደው ከጎረቤት ነው፣ በርሜሉን መክፈት ፈርታ። ጎረቤት ምን ይበል? ዱቄት አልቆባቸዋል ብሎ አንድ ጣሳ ስንዴ ላከልን።

ወታደሩ፦ ለምን አልነገርሽኝም?

የወታደሩ እህት፦ «እሱ ባለበት ሐሳብ አይጨመርበትም» ብላ አስማለችኝ። አንተ ደግሞ በደወልህ ቁጥር «ምንሽሩ ደህና ነው?» ትላለህ። ደህና ነው ትልሃለች።

የሸዋበር ነጋዴ፦ ውይ እናት።

ወታደሩ፦ ይሰጥ። ዛሬውኑ ይሰጥ። አንድ ነገር ብቻ፣ እህቴ፣ ከመሰጠቱ በፊት ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በወረቀት ጻፊልኝ። ፎቶ አንሥተሽ እንዳትልኪ። ደረሰኙም ላይ ያው ቁጥር መኖሩን እዪ።

ጠበቃው ከፒያሳ፦ ዛሬ አይሆንም። በፍተሻ መሃል መንገድ ላይ ይዛችሁ እንዳትገኙ። መጀመሪያ ያለ መሣሪያው ጣቢያ እንሂድና እናሳውቅ፣ ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚሰጡ እንጠይቅ። ከተቻለ እነሱ ራሳቸው ቤት መጥተው ይረከቡ። ሰኞ ጠዋት እኔ አለሁ። ክፍያ የለውም።

ጡረተኛው፦ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ጥይቶቹንም ቆጥረው ይቀበሉ፣ አምስት ብለው ይጻፉ።

የሐረጎ ሾፌር፦ እኔ አሁንም አይሰጥም ባይ ነኝ። ግን ሰኞ ጠዋት ነፃ ነኝ፤ እናትየውን በእግር አትውሰዷቸው። መኪና አለ።

ወታደሩ፦ አላህ ይስጥልኝ። ጊዜ ይሰጠን የሚለውን ግን አልተውሁትም። ስመለስ ማመልከቻ ጽፌ እወስደዋለሁ። ቅጂውን እዚህ እለጥፋለሁ፣ ግዳጅ ላይ ያላችሁ ካላችሁ አብረን እንፈርም።

የወታደሩ እህት፦ እማዬን አሁን አነጋገርኋት። መጀመሪያ «ያባቱን ዕቃ እሱ መጥቶ ይስጥ» አለች። ነሐሴ ሩቅ ነው አልኋት። ዝም ብላ ቆየችና እሺ አለች። ግን የቆዳ ማንገቻውን እየፈታች ነው። እሱን አልሰጥም ብላለች። አባዬ ሁልጊዜ ቅቤ ይቀባው ነበር።

አስተዳዳሪ፦ ጠበቃ፣ ማንገቻ ፈቃድ ያስፈልገዋል?

ጠበቃው ከፒያሳ፦ አያስፈልገውም።