መንስኤው ያልታወቀ የእግር ነርቭ ሕመም፦ ፍለጋውን ልቀጥል ወይስ ልተወው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለቱም እግሮቼ ከጣቶቼ ጀምሮ ይደነዝዛሉ፤ ሌሊት ደግሞ ያቃጥሉኛል። የስኳር፣ የታይሮይድ፣ የኩላሊትና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ተደርጎልኝ ሁሉም ደህና ነው ተባልኩ፤ የነርቮች የማስተላለፍ ፍጥነት ሲለካም እንከን አልተገኘም። ሐኪሜ የነርቭ ጉዳት እንዳለብኝ ቢያምንም መንስኤውን ግን ሊደርስበት አልቻለም። ምክንያቱ ያልታወቀን ሕመም ለቤተሰብም ሆነ ለአሠሪ ማስረዳት ከሕመሙ ባልተናነሰ ያደክማል። መንስኤው ሳይታወቅ ሕክምና መጀመር ይቻላል?

መልስ 1
እኔም ከዚሁ ሕመም ጋር እኖራለሁ። የተደረገልዎት የፍጥነት ምርመራ የሚለካው ወፋፍራሞቹን የነርቭ ክሮች በመሆኑ፣ ሕመምንና ሙቀትን የሚያስተላልፉት ቀጫጭኖቹ ብቻ ሲጎዱ ውጤቱ ደህና ሊመስል ይችላል፤ እነዚህን ለማየት ከእግር ቆዳ ላይ ትንሽ ናሙና ተወስዶ ክሮቹ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራሉ። ሕክምናው ግን መንስኤው እስኪታወቅ መጠበቅ የለበትም። ጋባፔንቲን፣ ዱሎክሴቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን መንስኤው ባይታወቅም ሕመሙን ለማስታገስ የሚታዘዙ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአነስተኛ መጠን ተጀምረው ቀስ በቀስ ከፍ ይደረጋሉ። ድንዛዜውን እንደማያስወግዱ አስቀድመው ቢያውቁ ግን መድኃኒቱ አልሠራም ብለው ቶሎ ተስፋ አይቆርጡም።

መልስ 2
በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ፍለጋው ጨርሶ መተው ያለበት አይመስለኝም። በጾም የተለካ ስኳር ደህና ቢሆንም፣ ግሉኮስ ተጠጥቶ ከ2 ሰዓት በኋላ የሚደረገው ልኬት ችግሩን ሊያሳይ ስለሚችል ይህ ተሠርቶልዎት እንደሆነ ይጠይቁ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችና ቫይታሚኖችም ዝርዝር ለሐኪምዎ ያሳዩ፤ ለነርቭ ይበጃል ተብሎ የሚዋጠው ቫይታሚን ቢ6 ከመጠን ሲያልፍ ራሱ ነርቭን ይጎዳልና (ይህን የሚነግረን ሻጭ ግን አላጋጠመኝም)። እግርዎን በየቀኑ ይመልከቱ፣ የውሃ ሙቀትንም በደነዘዘው እግር ሳይሆን በክርንዎ ይለኩ። በጨለማም ዓይን ለእግር ሊያግዝ ስለማይችል ሌሊት ሲነሡ መብራት ያብሩ።

መልስ 3
ለአሠሪዎ ስለ መንስኤው ከመተረክ ይልቅ ምን እንደሚያቅትዎት መንገር ይቀላል፦ ለረጅም ሰዓት መቆም፣ መሰላል መውጣት፣ ሌሊት ሳይተኙ አድረው በጠዋት መገኘት። ሐኪሙም ይህንኑ በደብዳቤ ሊጽፍልዎት ይችላል። አንድ ነገር ግን ላሳስብ፦ ድክመቱ በቀናት ውስጥ ከእግር ወደ ላይ ከወጣ፣ መተንፈስ ከከበደ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።