ለቡድን ድምፅ ማሰባሰቢያ የትኛው ይሻላል?

በቡድን የሆነ ነገር ለመወሰን ድምፅ ማሰባሰቢያ የምትፈልጉ ካላችሁ የሞከርኳቸውን ልጠቁማችሁ። መጀመሪያ ግን ስለ አቆጣጠሩ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው እሱን ነው።

15 ሰዎች የሚገናኙበትን ቀን እየመረጡ ነው እንበል። ማክሰኞ 6፣ ቅዳሜ 5፣ እሑድ 4 ድምፅ አገኙ። ማክሰኞ አሸነፈ ማለት ነው። ግን እኮ 9ኙ ሰዎች ማክሰኞ ጭራሽ አይመቻቸውም፤ ቅዳሜም ሆነ እሑድ ቢሆን ግን ይመጣሉ። ድምፃቸው ለሁለት ስለተከፈለ ብቻ የማይመቻቸው ቀን ተመረጠ። እያንዳንዱ ሰው የሚመቸውን ሁሉ እንዲመርጥ ቢፈቀድለት ኖሮ ቅዳሜም እሑድም ቢያንስ 9 ድምፅ ይይዙ ነበር። ስለዚህ የቱንም ተጠቀሙ፣ አማራጮቹ ከሁለት ከበለጡ ከአንድ በላይ መምረጥ እንዲቻል አድርጉ።

ለዕለት ተዕለት ጉዳይ እኔ የምመርጠው ቴሌግራምን ነው። ፖል የሚባለውን ድምፅ ማሰባሰቢያ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ሲሆን፣ ከአንድ በላይ መምረጥ የተቻለው ከ2020 ወዲህ ነው። የምወድለት ውጤቱን የሚያሳየው ድምፅ ከሰጣችሁ በኋላ መሆኑን ነው፤ የመራጩን ስም መደበቅም ይቻላል። ዋትሳፕ እስከ 12 አማራጭ ይቀበላል፣ ነገር ግን ሌሎች የመረጡት ገና ድምፅ ሳትሰጡ ይታያችኋል። አለቃ ወይም ታላቅ ሰው ቀድሞ ከመረጠ ሌላው ወደዚያው ያዘነብላል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ዝም ያሉት ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ቀን ለመቁረጥ ብቻ ከሆነ ዱድል የሚባለው ድረ ገጽ ይበልጣል። ኩባንያው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። «ይመቸኛል» እና «አይመቸኝም» ከሚሉት መካከል «ካስፈለገ እመጣለሁ» የሚል መልስም አለው፤ ሰው እውነቱን የሚናገረው እዚያ ላይ ነው።

ጎግል ፎርምስ ረዘም ላለ መጠይቅ ጥሩ ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመልስ ማድረግ ይቻላል፣ ለዚህ ግን ሁሉም የጎግል አካውንት ሊኖረው ይገባል። የአማራጮቹን ቅደም ተከተል ለየሰዉ የሚያቀያይር ማስተካከያም አለው። ክፈቱት! ዝርዝሩ አናት ላይ መቀመጥ ብቻውን ድምፅ ሊጨምር እንደሚችል በእውነተኛ ምርጫዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል።

ጉዳዩ ከበድ ሲል፣ ለምሳሌ ለማኅበራችሁ ስም ወይም ሰብሳቢ ስትመርጡ፣ ሲቪስ (CIVS) የሚባለውን ነፃ አገልግሎት ሞክሩ። ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው፤ መልኩ ያረጀ ይመስላል፣ ሥራው ግን አስተማማኝ ነው። መራጩ አማራጮቹን ከሚወደው ጀምሮ በደረጃ ያስቀምጣል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ጥንድ ጥንድ እየሆነ ይወዳደራል። ሐሳቡን ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮንዶርሴ እ.ኤ.አ. በ1785 በጻፈው ላይ እናገኘዋለን። እሱ ራሱ ያስተዋለው አስገራሚ ነገር አለ፦ ሀ፣ ለ እና ሐ የሚባሉ ሦስት አማራጮች ካሉ፣ ብዙኃኑ «ሀ»ን ከ«ለ»፣ «ለ»ን ከ«ሐ»፣ «ሐ»ን ደግሞ ከ«ሀ» አስበልጦ ሊመርጥ ይችላል። እያንዳንዱ መራጭ አሳቡ የተስተካከለ ሆኖ ሳለ የጋራ ውሳኔያቸው ክብ ሊዞር ይችላል ማለት ነው። ይህን መጀመሪያ ሳነብ በወረቀት ላይ ሦስት መራጮች ሣልኩና ቆጠርኩ፤ እውነት ነው።

ወደ ቀኑ ልመለስ። ቅዳሜና እሑድ እኩል 9 ቢሆኑስ? ድምፅ ከመጀመሩ በፊት እኩል ቢመጣ በዕጣ እንደሚለይ ተስማሙ። ለዕጣው እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ያለውን ራንደም ዶት ኦርግ የተባለ ድረ ገጽ እጠቁማለሁ። ቁጥሮቹን የሚያወጣው ከከባቢ አየር ከሚመጣ የሬዲዮ ጩኸት ነው፤ ጣቢያ በሌለበት ሞገድ ላይ ሬዲዮ ስትከፍቱ የምትሰሙት «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ዓይነት። ቡድኑ እያየ አውጡት።